ቅቤ የጠጣ ጠመንጃ

በሕይወቴ ሙሉ ያልበላሁትን ቅቤ በላሁ ብዬ የተናዘዝኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያውም በዐቢይ ጾም። ያውም በቀን አርባ አርባ ስግደት ለሰባት ቀን ታዝዞብኝ፣ ጉልበቴን በሁለት እጄ እየደገፍኩ። እንዴት እዚህ ደረስክ ብትሉኝ መልሱ አጭር ነው፤ የልጅ ልጄን ጠመንጃ ላሻሽል ብዬ። አጭር መልስ ግን ስለማይሆንልኝ ረጅሙን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጠመንጃ ሲባል አትደንግጡ። የልጅ ልጄ ሶስና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እኩዮቿ ኳስና ዋና ሲመዘገቡ እሷ የኢላማ ተኩስ መረጠች። እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ነርስ ናት፤ ነገሩን የሰማች ቀን አኮረፈች፣ በማግስቱም አኮረፈች፣ በሦስተኛው ቀን ፈረመች። ባሏ ትራክ ስለሚነዳ ከሌላ ስቴት ሆኖ በስልክ ተስማማ። ጠመንጃው ሃያ ሁለት የሚሉት ትንሹ ዓይነት ነው። ጥይቱ ከእስክሪብቶ ክዳን ያንሳል፤ ድምፁም ሰው ተናዶ መጽሐፍ የዘጋ ያህል ነው። ንብረትነቱ የክለቡ ሲሆን ጥይቱ ከአሰልጣኟ ዘንድ ያድራል። እኛ ዘንድ፣ ግሪን ቫሊ ራንች በሚባለው የዴንቨር ሰፈር፣ ጋራዣችን ውስጥ የሚያድረው ባዶው ጠመንጃ ነው፣ በተቆለፈ ሳጥን። ቁልፉ የሚቀመጠው በእኔ እጅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሶስናን የማመላልሳት እኔ ነኛ። ደግሞም በዚያን ጊዜ ገና የሚታመን ሰው ነበርኩ።

እኔና ባዶ ጠመንጃ የቆየ ትውውቅ አለን። ጎረምሳ ሳለሁ የቀበሌ ጥበቃ ተመድቤ ሦስት ወር ጠመንጃ ተሸክሜአለሁ። ጥይት ግን አልተሰጠኝም። ሊቀመንበሩ አንድ ቀን ጠመንጃውን በየትኛው ትከሻዬ እንደማንጠለጥለው ሳመነታ አይቶኝ፣ "ለዚህ ልጅ ጥይት ብንሰጠው መጀመሪያ የሚመታው እኛን ነው" አለ አሉ። አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን ለራሴ አልሰጥም ነበር። ዴንቨር ከገባሁ በኋላ ግን ያ ሦስት ወር ዓመት በመጣ ቁጥር እየረዘመ ሄደ። መጀመሪያ ስድስት ወር ሆነ። ቀጥሎ "ያኔ በውትድርናው ዘመን" ማለት ጀመርኩ። ሶስና ጠመንጃ ይዛ ቤት የገባች ሳምንት የመሣሪያ ጥገና ክፍል ኃላፊ ሆኜ ተገኘሁ። ማን እንደሾመኝ እስካሁን አላውቅም።

የሶስና ችግር ምላጩ ላይ ነበር፤ ጣት የሚስበው፣ ጥይቱን የሚያስለቅቀው ማለቴ ነው። እኔ ቃታ ነበር የምለው። ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ላይ ካለችው ሻይ ቤታችን የማይጠፋው ጓደኛዬ ሻምበል፣ እውነተኛው ወታደር፣ አረመኝ።

"ቃታ ጥይት የምታጎርስበት ነው። የምትስበው ምላጭ ይባላል። የጥገና ክፍል ኃላፊ አልነበርክም እንዴ?"

"የእኛ ክፍል ሁለቱንም ቃታ ነበር የሚለው።"

ሻምበል ሻዩን ጠጣ። አንዳንድ ሰው ሻይ ሲጠጣ ስድብ ይመስላል።

ምላጩ ከባድ ነው፤ ይሻክራልም። ሶስና ምንጣፏ ላይ በደረቷ ተኝታ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ትስበዋለች፤ አይመጣም። ትስበዋለች፤ አይመጣም። ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ድንገት ገጭ ይልና አፈሙዙ ወደ ቀኝ ይዘላል። ወረቀቱን አምጥተን ስናየው ቀዳዳዎቹ ከመሐሉ ሸሽተው፣ ቀኝ ጥግ ላይ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ተኮልኩለው ይገኛሉ። የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ምርጫ ነው። ከዘጠኙ ልጆች አራቱ ተመርጠው ወደ ስቴቱ ውድድር ይሄዳሉ። ሶስና ስድስተኛ ናት። አልጋዋ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ትልቅ የአራት ቁጥር ጽፋ ለጥፋለች፤ ማታ ማታ እሷን እያየች ነው የምትተኛው።

አሰልጣኟ ሊንዳ ጡረታ የወጣች የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ረጅም፣ ጸጉሯ ነጭ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ሰው የሚታዘዛት ዓይነት። ምላጩን ታውቃለች። በወላጆች ስብሰባ ላይ "በሚቀጥለው ወር ሁሉንም ጠመንጃዎች ፈትቼ አያለሁ። እስከዚያ ምላጭ ማንም እንዳይነካ። የተነካ ምላጭ ይዞ የመጣ ልጅ አይተኩስም" ብላለች። እኔም እዚያው ነበርኩ። ሰምቻለሁ፣ ራሴንም ነቅንቄአለሁ። "ማንም" ሲባል እኔን ይጨምራል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ሳመጣት ሶስና መኪና ውስጥ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀመጠች። አያቷ ስላሳደገቻት "እርስዎ" ማለት አይጠፋትም፤ ሌላው ሌላው ግን በሁለት ቋንቋ ነው የሚመጣው።

"አባባ፣ አይሆንልኝም። ኢትስ ዘ ትሪገር።"

"ምላጩን ለእኔ ተይው።"

"ኮች ሊንዳ ኖ ብላለች እኮ።"

"ኮች ሊንዳ አዲስ አበባ ጠመንጃ እንዴት እንደሚያዝ ምን ታውቃለች?"

"ይሄ እኮ የአዲስ አበባ ጠመንጃ አይደለም፣ አባባ።"

ልጅ ትክክል ሲሆን እንዴት እንደሚያናድድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

በነጋታው ጠዋት ሻምበልን አማከርኩት። "ያረጀ ዘይት ተጋግሮበት ይሆናል። ለአሰልጣኟ ስጣት፤ አጥባ ትጨርሰዋለች። አንተ እንዳትነካው" አለኝ።

"ለእኔ ነው እንደዚህ የምትለው?"

"ለአንተ ነው።"

ከዚህ ሁሉ ምክር ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው "ዘይት" የምትለዋ ብቻ ናት። ዘይት ስል ደግሞ የቀበሌያችን ጥበቃ ጋሼ ወርዶፋ ትዝ አሉኝ። ጋሼ ወርዶፋ ጠመንጃቸውን የሚያሹት በቅቤ ነበር። ብረትም እንደ ሰው ጸጉር ይደርቃል ብለው ያምናሉ፤ መጀመሪያ ራሳቸውን ይቀባሉ፣ እጃቸው ላይ የቀረውን ለጠመንጃው። ምላጩ ሲሳብ ድምፅ የለውም ነበር፤ እንደ ቅቤ ሲሉ ሰምታችሁ ከሆነ እሱ ነው። እርግጥ ያም ጠመንጃ ጥይት ስላልነበረው ሲተኮስ ያየው ሰው የለም። ይህን ነጥብ ያኔ ላስብበት ይገባኝ ነበር።

ቅቤ ቤታችን ውስጥ አለ። ግን ጾም ነው። ባለቤቴ አስካለ ከአገር የመጣላትን ንጥር ቅቤ በትልቅ ጠርሙስ አድርጋ፣ ክዳኑን በፕላስተር ሦስቴ ዙራ፣ ላዩ ላይ "ፋሲካ" ብላ ጽፋ፣ ፍሪዘሩ ውስጥ ከአተሩ በታች ቀብራዋለች። ቤቱ ውስጥ አራት ሰው አለ። ፕላስተሩ ለማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሐሙስ ከሰዓት አስካለ ለቅዳሴ ሄደች። ፕላስተሩን እንደ ቁስል ፋሻ ቀስ ብዬ ላጥኩ፤ አንድ ማንኪያ ሙሉ ፈለፈልኩ፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ አስገባሁና ሃያ ሴኮንድ ሰጠሁት። በሃያ ሴኮንድ ውስጥ ቤቱ ፋሲካ ሆነ። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ እርዱ፣ ሁሉም ተነሥተው መጋረጃው ላይ ሰፈሩ። ውጭው በረዶ ሆኖ ሳለ መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩ። ይባስ ብሎ የጎረቤታችን ውሻ አጥሩ ላይ ሁለት እግሩን ሰቅሎ በአክብሮት ያየኝ ጀመር።

ጋራዥ ገባሁ፣ ማሞቂያውን ለኮስኩ፣ ሳጥኑን ከፈትኩ። ሶስና እንዳስተማረችኝ መጀመሪያ ባዶነቱን አየሁ። ከዚያ ሁለት ብሎን ፈታሁና ውስጡን ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩ። ጸጉር የሚያካክሉ ሞላዎች ተጠማዝዘው እኔን ያያሉ። እኔም አየኋቸው። ተግባባን፤ ብሎኖቹን መልሼ አሰርኩ። ይልቅ የቀለጠውን ቅቤ ባለቀ የዓይን ጠብታ ጠርሙስ ሞልቼ በቀዳዳው እያንጠባጠብኩ አጠጣሁት። ጠጣ። ደግሞ ሰጠሁት። ደግሞ ጠጣ። ምላጩን ስስበው እንደ ሐር ክር መጣ፤ በራሴ ተገረምኩ። እግረ መንገዴን ቃታውንም፣ ትክክለኛውን ቃታ ማለቴ ነው፣ ቀባሁት።

ሶስና መጣች። ከፍታ አየች፣ ለእኔም አሳየችኝ፤ "ባዶ ነው፣ አዩ አባባ?" ተኛች። ሳበች። ዞር ብላ ስታየኝ ፊቷ ሌላ ሆኗል።

"ሶ ስሙዝ! ምን አደረጉት?"

"አልነካሁትም፤ ትንሽ ቀባ ነው ያደረግኩት።"

አፍንጫዋን ወደ ጠመንጃው አስጠጋች። "አባባ፣ ለምንድነው ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ የሚሸተው?"

"የባለሙያ ምስጢር ነው።"

አስካለ አመሻሽ ላይ ገባች። ነጠላዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

"ቤቱ ምን ሸተተ?"

"ምን ሸተተ?"

"ቅቤ።"

"ጎረቤት ይሆናል።"

"ጎረቤታችን የቬትናም ሰዎች ናቸው።"

ወደ ፍሪዘሩ ሄደች። አተሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ጠርሙሱን ይዛ መጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ፕላስተሩ ተጣሞ፣ ቅቤው መሐል ላይ ማንኪያዬን የሚያህል ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ይታያል። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ስንት ማንኪያ ነው?"

"አንድ።"

"በምን በላኸው?"

እዚህ ጋ ቆም ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ብናገር አስካለ ለልጃችን ትነግራለች። ልጃችን ውሸት አትችልም፤ በእናቷ ወጥታ። ለሊንዳ ደውላ ትናገራለች። ሶስና ቅዳሜ አትተኩስም። ግድግዳው ላይ ያለችው አራት ቁጥር እዚያው ተለጥፋ ትቀራለች። በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜ የቅቤ ሌባ መባል ቀላል አይደለም፤ ግን ቅቤ ሌባ መሆን እኔን ብቻ ነው የሚጎዳኝ።

"በዳቦ" አልኩ።

አስካለ ለንስሐ አባታችን ደወለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ዕድሜያቸው ከታናሽ ወንድሜ ያንሳል፤ ግን ልጄ ይሉኛል፣ ወጉ ነውና። በጾም ቅቤ በላሁ ብዬ ተናዘዝኩላቸው።

"ልጄ፣ አመመዎት እንዴ?"

"ደኅና ነኝ፣ አባቴ።"

"ታዲያ ምን አገኘዎት?"

"ሆዴ ነው።"

በቀን አርባ ስግደት፣ ሰባት ቀን አሉ። አስካለ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ትቆጥርልኛለች፣ እኔ እወድቃለሁ፣ እነሣለሁ። "ሃያ ሁለት" ስትል ጠመንጃው ትዝ ይለኝና ሳቄ ይመጣል፤ ሳቄን ስትሰማ ደግሞ "እንደገና ከአንድ" ትላለች። የዚያን ሳምንት ስግደት በትክክል ስንት እንደሆነ እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ሶስናን ልወስድ ስነሣ አስካለ ካፖርቷን ለብሳ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች።

"አንቺ ወዴት?"

"ብቻህን አልለቅህም። መንገድ ላይ ምን እንደምትበላ አይታወቅም።"

ከጎረቤት ከተማችን ከኦሮራ ወደ ምሥራቅ ሜዳው የሚጀምርበት ነው የተኩሱ ቦታ። ጣራ አለው፣ ግድግዳ የለውም። ሌሊቱን በረዶ ጥሏል፤ ነፋሱ ከሜዳው ላይ አንስቶ ፊታችን ላይ ይበትነዋል። እኛ መኪናው ውስጥ ማሞቂያ ከፍተን ስንመጣ ጠመንጃው ኋላ ሻንጣ ቤት ውስጥ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቅቤ ጥላ ሥር ቢያድር ትንሽ ጠንከር ይላል እንጂ ሌላ ነገር አይሆንም። የጋሼ ወርዶፋ ትምህርት የኮሎራዶን መጋቢት አይጨምርም ነበር።

ሊንዳ ትእዛዝ ሰጠች። ልጆቹ ተኙ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ከሶስና በኩል ድምፅ የለም። አፈሙዙን ከኢላማው ሳታነሣ ግራ እጇን ከፍ አደረገች፤ ችግር ሲኖር እንደዚያ ነው የተማሩት። ሊንዳ ተኩሱን አስቆመች። ጥይቱን አውጥታ፣ ባዶነቱን ሁለቴ አይታ፣ ምላጩን ነካችው። ምላጩ ጭቃ እንደገባ እግር ቀስ ብሎ ሰመጠ፤ አልተመለሰም።

ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ፈታችው። ውስጡ ቢጫ ሆኖ ረግቷል፤ ሞላዎቹ ቅቤው ውስጥ ተቀብረው ጫፋቸው ብቻ ይታያል። ሊንዳ በጣቷ ፋቀች። አሸተተች። እንደገና አሸተተች።

"ሶስና፣ ይህን ማን ነው ያደረገው?"

ሶስና ወደ እኔ አላየችም። ወደ ኢላማው ነው ያየችው።

"ምላጩ ከተነካ ዛሬ እንደማትተኩሺ ታውቂያለሽ አይደል?"

"አውቃለሁ" አለች በእንግሊዝኛ። ከንፈሯን ነከሰች። ስሜን አልጠራችም። ያቺ አራት ቁጥር ዓይኔ ላይ መጣችብኝ፤ እሷን ለማዳን ብዬ የዋሸሁት ውሸት አሁን እሷኑ ሊበላት ነው።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "እሷ አታውቅም። ቀባሁት ብቻ ነው ያልኳት።"

"ምንድነው ግን?"

"በተር" አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "ከነቅመሙ።"

አስካለ ብዙ እንግሊዝኛ የላትም፤ በተርን ግን ታውቃለች። ክንዴን ያዘችኝ።

"ምን አልካት?"

"ቅቤውን ጠመንጃው ውስጥ ነው ያደረግኩት አልኳት።"

"የቱን ቅቤ?"

"የፋሲካውን።"

"አልበላኸውም?"

"አልበላሁትም።"

"ሙሉውን ማንኪያ?"

"ጠመንጃው ነው የበላው።"

ከተጋባን አርባ ምናምን ዓመታችን ነው፤ አስካለ እንደዚያ ቀን ስትደሰት ያየኋት የሠርጋችን ዕለት እንኳን አይመስለኝም። "ተመስገን" አለች። ሊንዳን አቅፋ ሳመቻት፤ ሁለቱንም ጉንጭ፣ ደግማ አንዱን። ሊንዳ በቅቤ የተለወሰ እጇን ወደ ላይ አንሥታ ቆማ ቀረች። ባሏ ጠመንጃ ያበላሸባት ሴትዮ ለምን እንደምታመሰግን ሊገባት አልቻለም።

ሶስና አስረዳቻት። ጾም መሆኑን፣ ጠርሙሱን፣ ፕላስተሩን፣ ስግደቱን። ሊንዳ ሁሉንም ሰምታ ወደ እኔ ዞረች።

"እኔ እንዳላውቅ ብለው ለቄስዎ ዋሹ?"

"ምርጫው ዛሬ ስለሆነ ነው" አልኩ።

ሊንዳ ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ብርዱ ነው ብዬ ነበር፤ ሶስና በኋላ እንደነገረችኝ ብርዱ አልነበረም። ስትመለስ ፊቷ የአስተማሪ ፊት ሆኗል።

"ሕጉን ያወጣሁት የተነካ ምላጭ ተደብቆ መስመሩ ላይ እንዳይመጣብኝ ነው" አለች። "እርስዎ ተናግረዋል፤ እሷም እጇን ማንሣት አልረሳችም። ጠመንጃው ፍተሻ ካለፈ በሁለተኛው ዙር ትተኩሳለች። ካላለፈ አትተኩስም።"

ማጠቢያ ረጨችበት፣ በትንሽ ብሩሽ ፈተገችው። መጀመሪያ ቅቤው ወጣ። ከቅቤው ኋላ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የወፈረ ነገር መጣ፤ የስንት ዓመት የተጋገረ ዘይት። ሻምበል ያለው ነው። አደረቀችው፣ አንዲት የቀጠነች ዘይት ጠብ አደረገችና ገጠመችው። ከዚያ ምላጩ ላይ የክብደት መለኪያ ብረት አንጠለጠለች፤ ሳይለቅ ያዘው። ሰደፉን ምንጣፉ ላይ መታ መታ አደረገችው፤ አልለቀቀም። በመጨረሻ ራሷ ሳበችው። ገጭ አላለም፤ ጠቅ አለ።

"እንደዚህ ሆኖ አያውቅም" አለች።

"ቅቤው ቆሻሻውን አላልቶልሽ ይሆን?" አልኩ።

ለግማሽ ነጥብ እንደሚከራከራት ተማሪ አየችኝ። "አይደለም" አለች።

ሶስና ተኛች። አስካለ ክንዴን ይዛ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ጸሎት ይሁን ቆጠራ አላወቅሁም። ጧ። ረጅም ዝምታ። ጧ። ወረቀቱ ሲመጣ ያ ቀኝ ጥግ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቅ የኖረው ሰው ሁሉ ተሳፍሮ መሐል ገብቷል።

አራተኛ ወጣች። ለሻምበል ሦስተኛ ብዬ ነው የነገርኩት፤ ዓመት ሲጨምር ሁለተኛ ትሆናለች።

እኔም ፍርዴን ተቀብያለሁ። በሊንዳ ትእዛዝ ከጠመንጃው አሥር እርምጃ እርቃለሁ፤ መስመሩን በኖራ አስምራልኛለች። የሳጥኑ ቁልፍ ወደ አስካለ ቦርሳ ተዛውሯል። ሻምበልም ታሪኩን ከሶስና አፍ ስለሰማ፣ ሻይ ቤት በገባሁ ቁጥር "የጥገና ክፍል ኃላፊ መጣ፤ ቅቤ ደብቁ" ይላል። ለንስሐ አባቴም ደውዬ እውነቱን ነገርኳቸው። ከስልኩ ውስጥ የሆነ ሰው ሳቁን በእጁ ያፈነ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ።

"እንግዲህ የቅቤው ቀርቶልዎታል፣ ልጄ" አሉኝ በመጨረሻ። "የውሸቱ ግን አልቀረም።"

"ስንት ነው፣ አባቴ?"

"ያው አርባ።"

ጉልበቴ ልዩነቱን አላወቀም።

ፋሲካ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ሁላችን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። አስካለ ከማንኪያዬ በተረፈው ቅቤ የሠራችውን የዶሮ ወጥ ድስት አምጥታ ክዳኑን አነሣች። ሶስና ዓይኗን ጨፈነች፣ አፍንጫዋን ወደ እንፋሎቱ ቀና አድርጋ እስከ ሆዷ ሳበችው።

"እምም" አለች። "አባባ፣ ጠመንጃዬ ጠመንጃዬ ይሸታል።"